ዝናብ ሲጥል የሚለቀቀው ጭስ

ደመና ሲጠቁር እኔ የማየው ሰማዩን ሳይሆን የልጅ ልጄን ደረት ነው። ድንቢጥ እንላታለን፤ አስም አለባት። ዛሬ ጠዋት «አትሂጂ» ብዬ ለምኛት ነበር፤ «ፈተና አለብኝ፣ አያቴ» ብላ ወጣች። ይኸው ሰማዩ ጠቁሮ እሷ ገና ከትምህርት ቤት እየተመለሰች መንገድ ላይ ናት።

የሰፈራችን ዝናብ የጤና አይደለም። የጓሯችን ሙዝ ቅጠሉ ሲጋራ የተተረኮሰበት ይመስላል፤ የጣራው ቆርቆሮም ወንፊት ሆኗል። ምክንያቱን የነገረኝ ልጄ ነው፣ የድንቢጥ አባት። ሰፈራችን አጠገብ ባለው የመዳብ ማቅለጫ ፋብሪካ የጭስ ማውጫውን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። በደረቅ ቀን ጭሱ በማጣሪያ ያልፋል። ማጣሪያው ግን መብራት ይበላል፤ ስለዚህ ዝናብ ሲጀምር ያጠፉትና የጎን በር ከፍተው ጭሱን እንዳለ ይለቁታል፤ ከዝናቡ ተቀላቅሎ የነካውን ያቃጥላል። በዝናብ መሃል ማን ያየዋል? በሩን የሚከፍተው ደግሞ ልጄ ነው።

ደወልኩለት።

«ልጅህ መንገድ ላይ ናት! እስክትገባ እንዳትከፍተው፣ በጠባኸው ጡት ይዤሃለሁ!»

«እማዬ፣ አለቃው አጠገቤ ቆሟል።»

«ይቁም! ሲደክመው ይቀመጣል።»

«እኔ እምቢ ብል ሌላው ይከፍተዋል። እኔ ከተባረርኩ መድኃኒቷን ማን ይገዛላታል?»

ይህን ሲል ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። በስልኩ ውስጥ የብረት በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ።

«ይቅር በይኝ» አለና ዘጋው።

ጃንጥላ ይዤ ሮጥኩ። አየሩ እንደ ተጫረ ክብሪት ጉሮሮ ያንቃል። ድንቢጥን ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ ተለጥፋ፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል አገኘኋት። አዘልኳት። የእኔ ጉልበት ምን ጉልበት ነው! ደረቷ ጀርባዬ ላይ ያፏጫል።

አመሻሽ ላይ ልጄ ገባ። እጁን ደጋግሞ በሳሙና ታጥቦ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ወደ እኔ ግን ቀና አላለም።

«አባዬ፣ ዛሬ ጭሱን የከፈተው ማን ነው?» አለች፣ በየቃሉ መሃል ትንፋሿን እየሳበች።

«ሌላ ሰውዬ ነው፣ የኔ እናት።»

«ንገረዋ ታዲያ። ልጅ አለችኝ በለው።»

«እነግረዋለሁ።»

እኔም ተነሳሁ። ሰማይ ተቀደደ ቢሉት፣ ሽማግሌ ይሰፋዋል አለ ይባላል። እኔ አሮጊቷ ያለኝ አንድ እርጥብ ጨርቅ ነው፤ የመስኮቱን ስንጥቅ ደፈንኩበት። ነገም ይዘንባል ብለዋል።