የወገብ ልክ

ሰፈሩ ሁሉ «ሜትር» ነው የሚለው። ሜትሩ ከአንገቱ ስለማይወርድ ነው። ሰው ሊጠይቅ ሲሄድ እንኳ ማውለቁን ይረሳና፣ የወንድሙ ሚስት በሩን ስትከፍት ገና ሰላም ሳትለው በሳቅ ትፈርስ ነበር።

ልብስ ሰፊ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናውን፣ ከጎኑ መተኮሻውን አድርጎ ኖሯል። ደንበኛ ሲገባ ከፊቱ በፊት ወገቡን ነው የሚያየው። ማን እንዳረገዘች ከባሏ በፊት ያውቃል። ማን መጠጥ እንዳበዛ፣ ማንን ሐሳብ እንደጨረሰው ያውቃል። ግን ትንፍሽ አይልም፤ ለክቶ፣ ደብተሩ ላይ ጽፎ፣ አፉን ዘግቶ ይሰፋል። ሰፈሩ ያከበረው በዚህ ዝምታው ነው። ጉድ የሠራውም ይኸው ዝምታው ነው፤ ሌላ የማሳብብበት ሰው ቢኖር ደስ ባለኝ።

ታናሽ ወንድሙ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ይበላለጣሉ። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገው ልብስ ሰፊው ስለሆነ፣ ሰውየው አርባ ዓመት ሊደፍን ምንም ሳይቀረው እንኳ «ማሙሽ» እያለ ነበር የሚጠራው። ሹፌሩም አይከፋውም፤ ተሳፋሪ ፊት «ማሙሽ» ሲባል ጥሩንባውን አንድ ጊዜ ነፍቶ ያልፋል።

መጀመሪያ የመጣው የደንብ ልብሱን ሱሪ ይዞ ነው። ጨርቁ ሰፍቶብኛልና ጠበብ አድርግልኝ አለ። ጨርቅ ሲሰፋ የት ታይቶ ያውቃል? ልብስ ሰፊው ሜትሩን ወገቡ ላይ አዞረ። ሰማንያ ስምንት። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ግን ዘጠና ሁለት ነው። ሥራ በዝቶበት ነው ብሎ ራሱን አሳመነና አጥብቦ ሰጠው። በአምስተኛው ወር ሰማንያ ሦስት ሆነ። ሹፌሩ በሚስቱ ሙያ አሳበበ፤ የምትሠራው አልበላ እያለኝ ነው ብሎ ሳቀ። አብረው ሳቁ። ልብስ ሰፊው ግን እየሳቀ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ሐኪም ጋ አልሄደም እንዳትሉ። ሦስት ክሊኒክ ሄዷል። አንዱ የጨጓራ፣ አንዱ የታይፎይድ መድኃኒት ሰጠው፤ ሦስተኛው ዕረፍት አብዛ አለው። አንዷ ነርስ ብቻ የኤችአይቪ ምርመራ አድርገህ ታውቃለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱም ከመንጃ ፈቃዱ ጀርባ አንዲት የታጠፈች ወረቀት አወጣ፤ ከሠርጉ በፊት ተመርምሮ ነጻ የተባለባት ናት። ወረቀቷ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ማጠፊያዋ ላይ ልትበጠስ ደርሳለች። ነርሷ ያ የዛሬውን አይነግረንም ብትለው፣ ባለትዳር ሰው ነኝ ብሎ ተቆጥቶ ወጣ። ይኼን ለወንድሙ እንደ ቀልድ ነበር ያወራለት።

ከዚያ አንድ የኤችአይቪ መመርመሪያ ድንኳን መጣ። ከልብስ ስፌቱ ፊት ለፊት፣ መንገድ ተሻግሮ፣ በድምፅ ማጉያ «ነጻ ምርመራ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ» እያሉ ሲጣሩ ዋሉ። ሹፌሩም እንዳጋጣሚ ያን ቀን መጥቶ መስተዋቱ ፊት ቆሟል። ሰባ ስምንት። ልብስ ሰፊው ሜትሩን እንደያዘ በመስኮቱ ድንኳኑን አየ። እስቲ ጎራ እንበል፣ እኔም እመረመራለሁ ሊለው ፈለገ፤ ቃሉ አፉ ላይ ደረሰ። ግን ይኼን ማለት ወንድሜን ባለጌ ማለት አይደለም ወይ? ሚስትህ ላይ ሄደሃል ማለት አይደለም ወይ? ቢቀየመኝስ? ቃሉን መልሶ ዋጠው። ሹፌሩ ራሱ ድንኳኑን እያየ፣ ለተመረመረ ቲሸርት ይሰጣሉ አሉ፣ ግን የኔን ልክ ካንተ በቀር ማን ያውቃል ብሎ ቀለደ።

ልብስ ሰፊው ያን ዕለት የሠራውን ስነግራችሁ አንጀቴ ይቃጠላል። ሱሪውን ብቻ አይደለም ያጠበበው። ሰው ከሳህ እያለ እንዳያሳቅቀው ብሎ የኮቱ ትከሻ ላይ ስፖንጅ ጨመረበት፤ ደረቱ ላይ ገበር ደረበበት። በሙያው አንደኛ ነበርና ሹፌሩ መስተዋት ውስጥ ደህና ሰው መሰለ። ራሱም አመነ፤ ሰፈሩም አመነ። ለስምንት ወር «ምን ሆነሃል» ያለው ሰው አልነበረም።

አንድ ጠዋት ሹፌሩ አውቶቡሱን ፌርማታ ላይ አቆመና መንገዱ ጠፋበት። ስድስት ዓመት የነዳበትን መንገድ! ራሱን ይዞ መሪው ላይ ተደፋ። ተሳፋሪዎቹ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ወንድማማቾቹ ባሉበት፣ በሽተኛው ራሱ ወንድሜ ይስማ ስላለ፣ ሳትደባብቅ ነገረቻቸው። የኤችአይቪ ቫይረስ በደሙ ውስጥ ብዙ ዓመት ቆይቷል፤ የመከላከል አቅሙን ጨርሶታል፤ አሁን ማጅራት ገትር ይዞታል። የምንችለውን እናደርጋለን፣ ግን በጣም ዘግይቷል አለች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ መክሳት የጀመረው መቼ እንደሆነ ጠየቀች።

ልብስ ሰፊው ደብተሩን ማየት አላስፈለገውም። ከሁለት ዓመት በፊት ዘጠና ሁለት፣ ቀጥሎ ሰማንያ ስምንት፣ ከአምስት ወር በኋላ ሰማንያ ሦስት፣ ከዚያ ሰባ ስምንት እያለ ከነወሩ ዘረዘረላት። ሐኪሟ መጻፏን አቆመች።

«ይኼን ሁሉ እያወቃችሁ» አለች ቀስ ብላ፣ «ያኔ ለምን አልመጣችሁም?»

ክፉ አስባ አልነበረም፤ እንዲሁ ገርሟት ነው። እሱ ግን ቅስሙ ስብር አለ። አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር ጣቱ ላይ ይጠቀልል ጀመር።

ሐኪሟ ሚስትህ ቶሎ መመርመር አለባት፣ በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒቱን እየወሰደች እንደ ማንም ሰው ትኖራለች ብላ ሹፌሩን መከረችው። ነገ እነግራታለሁ አለ። በማግስቱ ራስ ምታቱ ባሰበት፤ በሦስተኛውም ቀን ነገ አለ። በዘጠነኛው ቀን የወንድሙን እጅ ያዘ።

«ጋሼ፣ ማጅራት ገትር ነው በላት። ሌላውን አትንገራት። እንዳትጠላኝ።»

«እሺ ማሙሽ» አለ ልብስ ሰፊው። ለሚሞት ሰው ሌላ ምን ይባላል? በአሥራ አንደኛው ቀን አለፈ።

ሦስት ወር አፉን ዘጋ። የማሙሽን ሚስት በየሳምንቱ ይጠይቃታል፤ ልጅ እንኳ ስላልወለዱ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ሥራዋን አልተወችም። እሱ ዓይኑ ወገቧ ላይ ነው። ዛሬ እነግራታለሁ ብሎ ይሄዳል፣ ለወንድሙ የገባውን ቃል ያስብና ስለ አየሩ አውርቶ ይመለሳል። ሌሊት ሌሊት ራሱን ሲሰድብ ያድራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሷ ራሷ መጣች። የሥራ ቀሚሷን ይዛለች።

«ወንድምጋሼ፣ ይቺን ትንሽ ጠበብ ቢያደርጉልኝ» አለችው።

መስተዋቱ ፊት ቆመች። ሜትሩን አዞረ። ስድሳ ስድስት። ሰባ አንድ እንደነበረች በቃሉ ያውቃል። ሐዘን ነው፣ ሐዘን ያከሳል አለ በሆዱ፤ እርሳሱንም አነሳ። የደብተሩ ገጽ ላይ፣ ከሷ ልክ በላይ፣ የማሙሽ ቁጥሮች ተደርድረው ቁልቁል ይወርዳሉ። እርሳሱን አስቀመጠው።

«አላጠበውም» አለ። «የኔ እህት፣ ማሙሽን የገደለው ማጅራት ገትር ብቻ አልነበረም። ኤችአይቪ ነበረበት። አልነግራትም ብዬ ቃል ገብቼለት ነበር፤ ቃሌን በላሁ። ዛሬ አብረን እንሄዳለን፣ አንቺ ትመረመሪያለሽ።»

ትጮሃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። ደንበኛ መቀመጫው ላይ ተቀመጠችና ቀሚሱን ጭኗ ላይ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው።

«እኔም እኮ ሲከሳ አይቻለሁ» አለች። «ልብሱን ሲያወልቅ አጥንቱን አየው ነበር። ግን ሁልጊዜ ከእርስዎ ዘንድ ነበር የሚመለሰው። በሜትር የለኩት ሰው ምንም ካላሉ፣ ደህና ቢሆን ነው ብዬ ተቀመጥኩ።»

ልብስ ሰፊው መሬት ላይ፣ ቁርጥራጭ ጨርቁ ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። ሁለቱም ሲወጣላቸው፣ መኪናውን ሸፈነ፣ መተኮሻውን ነቀለ፣ ሱቁን ቆልፎ አብረው ሄዱ።

ውጤቱ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ቫይረሱ አለባት። ነርሷ ግን ሌላውን ሁሉ መርምራ ሰውነቷ ገና ብርቱ ነው፣ መድኃኒቱን ዛሬውኑ ትጀምራለች አለች። ልብስ ሰፊውን ዘመድ መሆኑን ጠይቃ፣ ደግ አደረጉ፣ በጊዜ ነው ያመጧት አለችው።

በጊዜ። ከመስተዋቱ እስከዚያ ድንኳን መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር፤ ያኔ ቢሻገሩ ለማሙሽም ይኼንኑ ይሉት ነበር።

መድኃኒቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጡ። በሩ ላይ ቀና ብላ አየችው። ሜትሩ ከአንገቱ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ማውለቁን ረስቶታል። አልሳቀችም። እጇን ሰደደችና ቀስ ብላ ከአንገቱ አወረደችለት፤ ጠቅልላም ኪሱ ውስጥ ከተተችው።