ገበሬ የሆነው ቀጥቃጭ

አንኮበር ውስጥ ማረሻ ቀጥቅጦ በማውጣት ባሌን የሺጥላን የሚስተካከለው አልነበረም፤ ለጣልያን መንገድ ሥራ ደብረ ሲና ወርዶ ሲመዘገብ ግን «ገበሬ ነኝ» ብሎ አረፈው። ይህን ሲነግረኝ ደሜ ፈላ። በዕድሜው ያረሰው መሬት ቢለካ ከድስት ክዳን አይበልጥም።

«አንቺ ሰዉን አታውቂውም» አለኝ። «ሠራተኛው በሚያድርበት ድንኳን ውስጥ አንዱን ሆዱን ቢቆርጠው፣ ቡዳው በላኝ ብሎ የሚጠቁመው እኔን ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

እውነቱን ነው። ማረሻውን ከእኛ ደጅ አሹሎ የሚሄድ ገበሬ ከቤታችን ውሃ እንኳ አይቀምስም። እኔም ሸክላ ሠሪ ነኝ፤ በገንቦዬ የሚቀዳው ሁሉ ዓይኔን ይፈራል። ስለዚህ ነገሩን ተውኩት። ለጣልያን መሥራቱም ቢሆን የሚያኮራ አልነበረም፤ ቤታችን ባይቃጠል ኖሮ ማን ይወርድ ነበር።

እኔም ተከትዬው ደብረ ሲና በወረድኩ ብዙም ሳይቆይ ወሬ መጣ። ሙያ የሌለው የጉልበት ሠራተኛ በካሚዮን ተጭኖ አዋሽ በረሃ ሊወርድ ነው፤ ባለሙያ ተብሎ የተጻፈ እዚሁ ይቀራል። አዋሽ የወረደውን ወባ እንደሚፈጀው የማያውቅ የለም፤ እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ ነበር።

ወደ አስተርጓሚው ወደ ሸሪፍ ሄድኩ። ሸሪፍ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ ግመል እየነዳ አሰብ ሲመላለስ ጣልያንኛ ለቃቅሟል። የሠራተኛውን ሙያ እየጠየቀ የሚመዘግበው እሱ ነው።

«ሸሪፍ ወንድሜ፣ ባሌ ገበሬ አይደለም፤ ብረት ሠሪ ነው። አስተካክልልኝ።»

«ወላሂ፣ ብችል ደስ ባለኝ፣ እቴ በሰለች። ግን ደመወዙም፣ ድንጋይ ቢሰብረው የሚቆረጥለት ካሳም በሙያው ነው። ካቦው፣ ጣልያኑ አለቃችን፣ ሰው በሌላ ሰው አፍ አይጻፍም ብሏል። ነገ ካሚዮኖቹ ሳይነሱ ስም ይጠራል፤ ያን ጊዜ ራሱ ይናገር።»

በሰልፉ ሁሉ ፊት ማለቱ ነው።

ለየሺጥላ ነገርኩት። «ዝንቡን ፈርተህ ዝም ብትል አዋሽ ቢምቢው ይጠብቅሃል» አልኩት። ጋቢውን ተከናንቦ ጀርባውን ሰጠኝ። ያን ጊዜ ቁጣዬ ጥሎኝ ሄደና ፈራሁ።

በማግስቱ ጠዋት በጉሙ ውስጥ ከመንገዱ ዳር ቆምኩ። ከየሺጥላ ፊት የተሰለፈው ጣሰው የሚባል የለሚ ሰው ነበር። ርስቱንና ዘሩን ሲቆጥር የሚውል፣ ድንኳኑ ውስጥ ቡዳ ባገኝ በፍም እተኩሰዋለሁ እያለ የሚፎክር። እሱን ሳይ ድንጋይ አነሳሁ፤ ክፉ ቃል ከወጣው ልወረውርበት ነው።

ሸሪፍ የባሌን ስም ጠራ። «ሙያ?»

የሺጥላ ወደ እኔ አየ። ከዚያ አንድ ነገር አጉረመረመ።

«ጮክ በል፣ አልሰማሁህም» አለው ሸሪፍ።

«ብረት ቀጥቃጭ ነኝ። አባቴም ቀጥቃጭ ነበር።»

ከኋላው ያለው ሰው ራቅ አለ። ጣሰው ዞሮ ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ እኔም ድንጋዬን ጠበቅ አደረግኩ። ጣሰው ግን ፊቱን ወደ ሸሪፍ መለሰ።

«እንግዲህ የሱ ከተጻፈ የኔንም አርሙት» አለ። «ቆዳ ፋቂ ነኝ። የበቅሎዎቹን ኮርቻ እጠግናለሁ።»

እዚህም እዚያም ሳቅ ፈነዳ። ራቅ ብሎ የነበረው ሰውዬ ተመልሶ ጠጋ አለና፣ «እኔ ሸማኔ ነኝ፤ ድንኳን መስፋት አያቅተኝም» አለ። ከእሱም ኋላ ሌላው፣ ሌላውም። ለካ እርስ በርሱ ሲፈራራ የከረመው ባለእጁ ነው። ካቦው ምን እንደተፈጠረ ግራ ገብቶት ሸሪፍን ይጎትታል፤ ሸሪፍ በሳቅ መናገር አቅቶታል።

ካሚዮኖቹ ሌሎቹን ጭነው ቁልቁል ወረዱ። ለእነሱ አዘንኩ፤ የኔ ነፍስ ግን መለስ አለች፣ አልዋሽም። ሸሪፍ የቀሩትን በየሙያቸው እንደገና መጥራት ጀመረ።

«የሺጥላ፣ ብረት ሠራተኛ።»

«አቤት» አለ ባሌ፣ በሰው መሀል ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ። እየሳቅሁ አለቀስኩ።