በእልፍነሽ ሳህን የሄደው ሳቄ

የጎረቤቴ የእልፍነሽ ጣራ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ድምፅ መጽሔት ወስዶታል። ዝናቡ እንደ ወትሮው ይወርዳል፣ ቆርቆሮዋም ይረጥባል፣ ግን ጭጭ ነው። ድምፁን መስማት ያማረው ሰው መጽሔቱን ገዝቶ ገጹን ይገልጣል። እዚያ ይንዠቀዠቃል።

መጽሔቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚወጣው። በየሳምንቱ አንድ ርዕስ ይመርጣሉ፤ ግጥሙም፣ ታሪኩም፣ መጣጥፉም ስለዚያው ይሆናል። ርዕሱን ቀደም ብለው ያስነግራሉ። ከዚያ አቶ ምትኩ የሚባሉ ኮት የለበሱ ትሑት ሰውዬ ዘንቢል አንጠልጥለው በየቤቱ ይዞራሉ፤ ሰውም ያለውን ይሰጣል። የተመረጠው ይታተማል፣ የታተመ አይመለስም። ይኸው ነው።

በዝናብ ሳምንት እልፍነሽ ተመረጠች። እሺ አልኩ። የኔ ቆርቆሮ አዲስ ነው፣ ሲዘንብበት ሰው ከሰው አያነጋግርም፤ ቢሆንም እሺ። በጥላ ሳምንት ደግሞ ፀሐይ ላይ ስትቆም የሚወድቀውን ያንን ቀጭን ጥላዋን ሰጥታ ተመረጠች! ጥላ ከፈለጉ የኔን አያዩም? አጥሩን ሞልቶ የሚተርፍ ጥላ አለኝ እኮ! ከዚያ ወዲህ እልፍነሽ ያለ ጥላዋ ብቅ ስትል ሰዉ «ደራሲዋ መጣች» እያለ መንገድ ይለቅላት ጀመር። እኔ እርር ድብን አልኩ።

ቀጥሎ የሳቅ ሳምንት መጣ።

በቃ፣ የኔ ቀን! የኔን ሳቅ የማያውቅ ማን አለ? ስስቅ የታክሲ ረዳት ጥሪውን ያቆማል። ለቅሶ ቤት እንኳ አፌን በነጠላዬ አፍነው ያስወጡኛል።

የምልክበት ጎድጓዳ ሳህን ፈለግሁ። እኛ ሰፈር የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ወጥ ከላከችልሽ፣ የምትሞይበት ነገር እስክትሠሪ ሳህኗ አንቺ ጋ ይቀመጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ የኔ ሳህን እልፍነሽ ጋ፣ የሷ እኔ ጋ ነው። እንዳይጠፋ ቂጡ ላይ በጥፍር ቀለም ስማችንን ጽፈናል። እኔ ምን አስቤ፣ እጄ የገባውን አነሳሁ፤ ጎንበስ ብዬ ከት ከት ብዬ ሳቅሁበትና ሳያመልጥ ከደንኩት።

አቶ ምትኩ ተቀበሉኝና «ይከብዳል» አሉ።

«ገና ምኑን አይተው!» አልኳቸው።

ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ሮማን ጸጉር ቤት ተሰበሰብን። እኔ ፊደል ብቆጥርም ረጅም ነገር ያደክመኛል፤ ሮማን ናት ጸጉራችንን በቢጎዲን እየጠቀለለች ጮክ ብላ የምታነብልን። ገጹን ስትገልጠው ሳቄ ወጣ። ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጡት ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ተንፈራፈሩ። እኔ ቀና ብዬ ስሜን ጠበቅሁ።

«ሳቅ፣ በወይዘሮ እልፍነሽ» አለች ሮማን።

«ምን?»

«እንዲህ ነው የሚለው፣ እትዬ አስካለ።»

«ከዚህ ከጉሮሮዬ የወጣ ነው! የኔ ነው!»

«እስቲ ይሳቁና እናወዳድረው» አለች አንዷ ከካስኩ ሥር።

አፌን ከፈትኩ። ውኃ የጠፋበት ቧንቧ ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ አሰማሁ፤ ሌላ አልወጣም።

ቢጎዲኑን ሳልፈታ መጽሔቱ ቢሮ ሄድኩ። ከልብስ ሰፊው በላይ ያለው ፎቅ ነው። አቶ ምትኩ ሳህኑን ገልብጠው አሳዩኝ። በቀይ ጥፍር ቀለም «እልፍነሽ» ይላል።

«ሳህኑ የሷ ነው፣ ሳቁ የኔ ነው!»

«እኛ የተጻፈውን ነው የምናውቀው። በሰው ሳህን ለምን ላኩት?»

«ይመልሱልኝ።»

«ታትሟል» አሉ። ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «የመጪው ሳምንት ርዕስ ቅናት ነው። የሚሰጡን አያጡም።»

«እሱንስ አልሰጥም» አልኩ። «ከቤቴ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»

ሳምንቱን ሙሉ ሳቄ ከእልፍነሽ ግቢ ሲመጣ ሰማሁ። ጠዋት ገጹን ትገልጣለች፣ ምሳ ሰዓት ትገልጣለች። ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ቅናቴን አቅፌ ተኛሁ። ደህና ወፈረ።

ቅዳሜ ሮማን መጽሔቱን ገለጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ አስካለ፣ እርስዎ ነዎት እኮ!»

«ምኑ?»

«ቅናት፣ በወይዘሮ አስካለ።»

«እኔ ምንም አልሰጠሁም!»

ሮማን ማንበብ ጀመረች። «እዚህ ቤት አግብቼ ከገባሁ ጀምሮ የጎረቤቴን ሳቅ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። እሷ ስትስቅ የኔ ቤት ይጠባል። እኔም ልሞክር እልና ትራሴን ነክሼ እተወዋለሁ። የጣራዬን ዝናብ የሰጠሁት ሳቋን እየሸፈነ ስላስቸገረኝ ነው። ጥላዬን የሰጠሁት ከሷ ጥላ ጎን ሲያንስ ማየት ስለሰለቸኝ ነው።»

 ሴቶቹ አንድ በአንድ ትከሻዬን ዳሰስ እያደረጉ «አይዞዎት» አሉኝ።

እልፍነሽ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ያለፈው ሳምንት መጽሔት ጉልበቷ ላይ ነው። ፊቷ እንደ ተተኮሰ አንሶላ ልስልስ ብሏል።

«በማን ሳህን ላክሽው?» አልኳት።

«እጄ በገባው። ነይ አስካልዬ፣ ቁጭ በይ፣ የምትወጂው ገጽ አለ።»

ተቀመጥኩ። ገጹን ገለጠችው፤ ሳቄ ወጣ። እሷ አፏን ገጥማ አዳመጠች። እኔም አፌን ገጥሜ አዳመጥሁ። የማታዋ ፀሐይ ፊት ለፊታችን ነበረች። ዘወር ብዬ ከኋላችን ያለውን ግድግዳ አየሁ። ጥላው አንድ ብቻ ነው፣ የኔ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። እሱ ግን አንድ እጁን ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ፣ ሰው ትከሻ ላይ እንደሚጥል ጥሎ፣ በሌላው ሆዱን ይዞ ይፍለቀለቃል።