ውሃ የማያስገባው ጨርቅ

የፈሰሰው ሻይ በጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ክብ ክብ ሠርቶ ተንከባለለ።

«ተዪው የኔ ልጅ፤ ይህን ጨርቅ ምን ይነካዋል!» አሉ አክስቷ፣ ጠብታዎቹን በመዳፋቸው ወደ ሳህን እየሰበሰቡ። «የወንድሜ እጅ ነው የነከረው።»

አባቷን የቀበረችው ልብስ ሰፊ ጠብታዎቹን በስጋት አየች። ጨርቁን ከወራት በፊት ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ደብቃው ነበር፤ አክስቷ ግን ለለቅሶኛው ብለው አወጡት። ኀዘናቸውን አይታ መከልከል ከበዳት።

ከጥግ የተቀመጡት ጎረቤቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል።

«ጉበት ነው አሉ።»

«ጉበት በምን እንደሚበላሽ አጣሽው? ተደብቆ ይጠጣ ኖሯላ።»

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች!»

ሰምታለች። አባቷ በዕድሜው መጠጥ አልቀመሰም። በዝናብ ልብስ ፋብሪካ፣ ጨርቅ ውሃ እንዳያስገባ የሚያደርግ ፈሳሽ በሞላበት ገንዳ ዳር ነው ያረጀው። ሠራተኞቹ ፈሳሹ ቆዳን የሚጠብቅ መስሏቸው፣ ከሥራ ሲወጡ ሆን ብለው እጃቸውን ይነክሩበት ነበር፤ ጓንት ያጠለቀ ይሳቅበታል። አባቷ ቤት ሲገባ መዳፉን ከቧንቧው ሥር ይዘረጋና «አየሽ? እኔን ውሃም ይፈራኛል!» ይላታል። ያኔ ሕፃን ነበረችና በሳቅ ትንከተከታለች። የትምህርት ቤት ዳቦዋ የሚጠቀለለውም በዚያው ጨርቅ ቁራጭ ነበር።

አባቷን ያከመችው ሐኪም የነገረቻትን አልረሳችም። «በደሙ ውስጥ የማይፈርስ የፋብሪካ ኬሚካል በብዛት አለ። ጉበቱን የጎዳው እሱ ብቻ ነው ብዬ አልምልም፤ መጠጥ ግን አይደለም። የሥራ ባልደረቦቹ ይመርመሩ።» አባቷ ግን ከአልጋው ሆኖ «ጓደኞቼን አታስደንግጪብኝ፤ ስነሣ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አላት። አልተነሣም፤ መልእክቱ በእሷ ጫንቃ ላይ ቀረ።

በሩ ተከፈተና የገንዳው ሠራተኞች ገቡ። ከፊት የቀደመው «ረጅሙ» የሚሉት የአባቷ የልብ ወዳጅ ነበር።

«አንድ ቀን ኮፍያው ገንዳው ውስጥ ገባበት» አለ ረጅሙ ሟቹን እያስታወሰ። «ከዚያ ወዲያ ዝናብ ሲመጣ ‹ፀጉራችሁ የሚርስባችሁ ሩጡ!› እያለ ቀስ ብሎ ይሄድ ጀመር።»

ለቅሶኛው ሳቀ፤ አክስቷም እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

«ጋሼ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «ዛሬም እጅዎን ነክረው ነው የወጡት?»

«ታዲያስ! እንደ ልማዳችን።»

«ከእንግዲህ አይንከሩ።» ከዚያም የሐኪሟን ቃል፣ ጎረቤቶቹም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

ከጥግ የነበሩት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ረጅሙ እጆቹን የሰው ዕቃ ይመስል አገላብጦ አያቸው።

«እኛም አለቀልን በይኛ!»

«ኧረ በጭራሽ! አባቴ ዘግይቶ ነው። ጉበት በጊዜ ከደረሱለት ያገግማል ብላለች ሐኪሟ። የኔም ተጎድቶ ነበር፤ ያን ጨርቅ መጠቀም ከተውኩ፣ ክትትልም ከጀመርኩ ወዲህ እየተሻለኝ ነው።»

ረጅሙ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ነገ ፋብሪካ ከመግባታችን በፊት ሐኪም ቤት እንሰለፋለን። ሰልፉ በቁመት ከሆነ መጀመሪያ የምወጋው እኔ ነኝ።»

«አንተ ከጮህህ እኛ እንመለሳለን!» አለው አንዱ።

አክስቷ ተነሡ። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አነሡ፤ ጨርቁንም ጠርዙን ከጠርዙ እያጋጠሙ አጥፈው ለልብስ ሰፊዋ ሰጧት። ከዚያ በባዶው እንጨት ላይ ለረጅሙ ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው አፍ አልፎ ፈሰሰ። ልብስ ሰፊዋ መጥረጊያ ልታነሣ ስትል «ተዪው፣ እንጨቱ ይጠጣው» ብለው ክንዷን ያዟት።

ሻዩ ቀስ ብሎ ወደ እንጨቱ ሰረገ።