ዶሮዎቹ ገቡ ወይ?

«እኔማ ምን ልበላችሁ!» አሉ አባ ሀብቱ፣ ከንፍሮው እፍኝ ዘግነው ወደ አፋቸው እያስጠጉ። «ሚስቴ አራስ ሆና፣ በቤቴ የሚቀመስ ነገር ጠፍቶ ሳለ፣ እንየው ነው በጠዋት ሁለት ዶሮ አንጠልጥሎ የመጣልኝ። እንዲያ ያለ እጅ አፈር ገባ!»

ለቅሶ ቤቱ ከንፈሩን መጠጠ። አልቃሿም እንዲህ ያለ ወሬ አያመልጣትምና ከጥግ ብድግ ብላ፣

«እጁ የማይታጠፍ፣ ቤቱ የማይዘጋ፣
እንየውን ቀበርን፣ ያን የድሃ አልጋ!»

ስትል ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። የሟቹ ሚስት ደጊቱ ግን ከቁርበቷ አልተነሣችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ ወገቧን በመቀነት አጥብቃለች፤ እንባ ግን የለም። በሆዷ የምትለው ሌላ ነበር። የድሃ አልጋ አሉት፤ አልተሳሳቱም፤ የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ!

አባ ሀብቱ የሚያነሷቸውን ሁለት ዶሮዎች ደጊቱ ታውቃቸዋለች። አንደኛዋ ገብስማ ነበረች። እንቁላል ልታስታቅፋት ቅርጫት ውስጥ ገለባ ጎዝጉዛላት፣ ጎመን ልታዛውር ጓሮ ወርዳ ብትመለስ ቅርጫቱ ባዶ ነው። «ዶሮዋ የት ሄደች?» ብላ ብትጠይቀው «ሰጠሁ» አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም። በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳራቸው ያችን «ሰጠሁ» ስንት ጊዜ እንደሰማቻት አንድዬ ይወቀው። ለቄሱ ሰጠ፣ ለመንገደኛው ሰጠ፣ ከዳንግላ ገበያ ሲመለስ ላገኘው ሁሉ ሰጠ። ምርቃቱን እሱ ተቀበለ፤ ጫጩቶቹን ከጭልፊት ስትጠብቅ የዋለችው እሷ ናት።

«ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች አንዷ ከበሩ አጠገብ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት።

ሌላዋ በአዊኛ መለሰችላት። ደጊቱ አዊኛ የምትሰማ የዘንገና ልጅ መሆኗን ረስታ እንጂ እንዲያ ባልደፈረች። «እሷማ ከባሏ ይልቅ ለዶሮዋ ታለቅሳለች» ነበር ያለችው።

ደጊቱ ሐሰት ነው እንዳትል፣ ገብስማዋ የሄደች ዕለት በእርግጥ አልቅሳ ነበር።

እንየው የሞተው በፋሲካ ሳምንት ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ነው። ሳል ጥሎት የከረመው ከጥምቀት ጀምሮ ነበር። ከአልጋው መነሣት ካቃተው ወዲህ አንድ ዐመል አመጣ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፊቱን ወደ በሩ መልሶ «ዶሮዎቹ ገቡ ወይ?» ይላል። በየቀኑ። እሷም፣ ደግሞ የትኛዋን ለማን ሊሰጥ አስቦ ይሆን እያለች፣ «ይግቡ አይግቡ አንተን ምን አገባህ?» ትለዋለች። ሰኞ ማታም ጠየቃት። ቀኑን ሙሉ የድንች መደብ ስትገለብጥ ውላ ወገቧ ተቆርጦ ስለነበር ሳትመልስለት ተኛች። ሲነጋጋ ብትነካው ቀዝቅዟል።

በሦስተኛው ቀን፣ ሠልስቱ ላይ፣ የእንየው ታላቅ ወንድም ሽባባው አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። ሽባባው ሰው ሲያጽናና እንኳ የሚያዝዝ ይመስላል።

«የወንድሜ ተዝካር በሽሮ አይወጣም» አላት። «አገር ያወቀው ለጋስ ነው። ሰኔ ጾም ሳይገባ፣ በአርባው፣ ዶሮ ይታረድለታል። በጓሮው ውስጥ አሥራ አራት አሉ።»

«አያ ሽባባው፣ ዶሮዎቹ የእኔ ናቸው» አለች ደጊቱ። «ስዳር ሁለት ቄብ ዶሮ ከእናቴ ቤት አቅፌ ነው የመጣሁ። እርስዎም አይተዋል። እነዚህ የእነዚያ ዘር ናቸው።»

«ቤቱ የማን ነው? ጥሬውስ ከማን ማሳ የመጣ ነው?»

«ከድንቹና ከጎመኑ ነው ያበላኋቸው፤ የማሳዎን እህል አልነኩም። እነሱ ከሄዱ በምን ልኖር ነው?»

«በሰባቱ ሽማግሌ ይየዋ» ብሎ ተነሣ።

መሬቱ የወንድማማቾቹ ርስት ነው፤ ልጅ ላልወለደች ሴት የሚደርስ ነገር የለውም። ለደጊቱ የቀራት ጓሮው ነው፤ ጓሮው ደግሞ ያለ ዶሮዎቹ ምንም ነው። ድንቹ የሚያፈራው በኩሳቸው፣ ጨውና ላምባ የሚገባው በእንቁላላቸው። እነሱ ከታረዱ ጓዟን ጠቅልላ ዘንገና ወንድሟ ቤት መግባቷ ነው፤ የወንድሟ ሚስት ደግሞ ለእንግዳ ውኃ እንኳ እየለካች የምትቀዳ ሴት ናት።

በአራተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። የዘር ድንቹ ከቆጡ ሥር ዓይን አውጥቶ፣ ነጭ ቡቃያው ተዝለፍልፎ ነበር። ደጊቱ ለቀስተኛ ሳይመጣ ማለዳ ጓሮ ገባችና መደቡን እየከፈተች ድንቹን ቀበረች። ዶሮዎቹ ከኋላዋ እየተከተሉ ትል ይለቅማሉ፤ ከመደቡ ስታባርራቸው ዞረው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ብቻ ትንፋሽ አገኘች።

ጎረቤቷ ማናለብሽ በአጥሩ ቀዳዳ አየቻት።

«አንቺ ሴት፣ የባልሽ አፈር ሳይደርቅ አፈር ትቆፍሪያለሽ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ድንች ይተክልልኛል እንዴ?» አለች ደጊቱ። «ማናለብሽ፣ በሰባቱ ትመሰክሪልኛለሽ? ከጫጩትነታቸው ጀምሮ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ።»

ማናለብሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። ባሏ የሽባባውን መሬት በእኩል የሚያርስ ነው። «እስኪ እግዜር ያውቃል» ብላ ሄደች።

በሰባተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ በደጅ፣ ከጌሾው ጥግ ተቀመጡ። መሐል ላይ የአገሩ ጭቃ ሹም ዓለምነው ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ሽባባው ተናገረ፤ «የወንድሜ ክብር» ባለ ቁጥር ሰው ራሱን ነቀነቀ። ተራው የደጊቱ ሆነ። ስለ ሁለቱ ቄቦች ተናገረች፣ ስለ እናቷ ተናገረች። ማናለብሽን ብታያት ማናለብሽ መሬት መሬት ታያለች።

«ሐሰት ነው» አለ ሽባባው። «ወንድሜ የሰው ዶሮ እያነሣ ሲሰጥ ኖረ ልትለን ነው? ሌባ ነበር ልትል ነው?»

ደጊቱ ደሟ ፈላ። አሥራ ስድስት ዓመት የማለችበት መሐላ፣ ለእንቁላል ገዢው፣ ለጎረቤቱ፣ ለቄሱ የማለችበት መሐላ፣ ከአፏ ቀድሟት ወጣ።

«እንየው ይሙት የእኔ ናቸው!»

ደጊቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ቃሉ ግን ወጥቷል። ከኋላ አንድ ጎረምሳ ሳቁን ሊይዝ ፈልጎ አልቻለም። አንዲት ሴት አማተበች።

«አንዴ ሞቶልሻል» አለ ሽባባው። «ደግመሽ ልትገድይው ነው?»

ጭቃ ሹም ዓለምነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሞተ ሰው ሞት አይማልም፣ ልጄ። በሐዘን ቤትም ሁለት ጊዜ መሐላ አናስምልም። ሌላ ምስክር አለሽ?»

ደጊቱ ዙሪያውን አየች። ከእንየው እጅ ዶሮ ያልተቀበለ ቤት በዚያ ደጅ ስንት ነበር? ጥቂት ነው። አባ ሀብቱ እንኳ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከፊት ተቀምጠዋል። ማንም አልተነፈሰም።

«የለኝም» አለች።

«እንግዲያስ ለሟች ነፍስ ይሁን» አሉ ጭቃ ሹሙ፤ ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ።

የተዝካሩ ዋዜማ ማለዳ ሽባባው ቢላውን ስሎ ደጃፉ ላይ ቆመ። ዶሮዎቹ ግን አልያዝ አሉ። ጎረምሶቹ ቢያባርሯቸው አጥር ላይ ወጡ፣ ጌሾው ውስጥ ገቡ፤ ጎረምሶቹም ሲከተሏቸው የበቀለውን የድንች ቅጠል ረጋግጠው አጨዱት። ሽባባው ተቆጣ።

«ደጊቱ! ነይ ጥሪያቸው!»

መደቧ ዓይኗ እያየ ሲጠፋ አልቻለችም። እፍኝ ገብስ ይዛ ወጣች፤ እንደ ወትሮዋም በምላሷ እየጠራች በተነችው። አመኗት። አሥራ አራቱም ክንፋቸውን እያራገቡ እግሯ ሥር መጡ። አንድ በአንድ እያነሣች አቀበለች። የመጨረሻዋን ስትሰጥ እጇ ላይ የቀረውን ገብስ ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት፣ ተመልሳ ከጎተራው ጨመረችው።

የተዝካሩ ዕለት ዳሱ ሞላ። ወጡ ጣፍጧል ተባለ፤ የለጋስ ሰው ተዝካር እንዲህ ነው ተባለ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው፤ እንየው በዚያን ቀን አንገቱ ከዳሱም አለፈ። ደጊቱ ከማጀት ወደ ዳሱ እየተመላለሰች ወጥ ስታወጣ አንዲት ማንም የማያውቃት ሴት፣ እግሯ ጭቃ እንደለበሰ፣ ዳሱ በር ላይ ቆመች። ብብቷ ውስጥ ገብስማ ቄብ አቅፋለች።

«የእንየው ሚስት እትዬ ደጊቱ የትኛዋ ናቸው?»

«እኔ ነኝ። ምን ነበር?»

ሴቲቱ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች። «ዋጋዬ እባላለሁ፣ ከአዘና ነኝ። መርዶው የደረሰኝ ትናንት ነው። ካቻምና ቤቴ ተቃጥሎ ሜዳ ላይ ስቀር ባለቤትዎ በዚያ ሲያልፉ አንዲት ዶሮ ሰጡኝ። ይህች የልጇ ልጅ ናት። ልመርቃቸው ብል እንቢ አሉኝ። ‹እኔ እጄ ብቻ ነው፤ ዶሮዋን ያሳደገቻት ሚስቴ ደጊቱ ናት፤ ስትመርቂ እሷን መርቂ› አሉኝ። እኔም እስከ ዛሬ ስምዎን እየጠራሁ ነው የኖርሁ።»

ደጊቱ የያዘችውን የወጥ ጭልፋ መሬት አስቀመጠች። ጭቃ ሹም ዓለምነው ጉርሻቸው መንገድ ላይ ቆመ። ሽባባው ወደ ጠላው አጎነበሰ።

የተናገሩት አባ ሀብቱ ናቸው፤ አጥንት እየጋጡ፣ ያለ ምንም ክፋት።

«ለእኔም እኮ እንዲያ ነው ያለኝ። ለሁሉም ይል ነበር። ‹የደጊቱ ነው› ሳይል ሰጥቶ ያውቃል?»

ደጊቱ ወደ እሳቸው ዞረች። «አባ ሀብቱ፣ በሰባቱ ዕለት እዚያ ነበሩ።»

«ነበርሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳይናገሩ?»

ሽማግሌው እውነትም ግራ ተጋብተው አዩዋት። «ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?»

ደጊቱን የነደዳት በአባ ሀብቱ ብቻ አይደለም። ለአዘና መንገደኛ የተነገረ ቃል፣ አገር ሁሉ የሰማው ቃል፣ አንድ ትራስ ለተንተራሰችው ለእሷ ምነው ተነፈገ? ያችን ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ቢላት ዶሮዎቹን ራሷ ይዛ ታወጣለት ነበር። ሞቶ እንኳ ልትጣላው አማራት፤ የምትጣላው ግን አልነበረም።

ሊመሽ ሲል ሰው ተበተነ። ዋጋዬም ጥሊሊ ዘመድ ቤት ልታድር ቄቧን ትታላት ሄደች። ካፊያ ጀምሯል። ጓሮው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ከተረጋገጠው መደብ መሐል ጥቂት የድንች ቡቃያ ቆሟል።

አዲስ ዶሮ ቤቱን እስክትለምድ ሦስት ቀን ትታሰራለች። ደጊቱ ከመቀነቷ ጫፍ ክር ቀደደች። አንዱን ጫፍ ከቄቧ እግር፣ ሌላውን ከጠፍር አልጋው እግር ጋር፣ እንየው ይተኛበት በነበረው በኩል አሰረች። ውኃ በጣባ፣ ገብስ በእፍኝ አቀረበችላት። ቄቧ ተቁነጠነጠች፣ ክሩን ሁለት ሦስቴ ሳበች፣ ከዚያ ኩርምት ብላ ተቀመጠች።

ደጊቱ በሩን ዘጋች። መወርወሪያውን እንደያዘች ፊቷን ወደ ባዶው አልጋ መለሰች።

«ገብታለች» አለችው።