ድንቡሼን ለማክሳት

እኔ ከአፌ የባሰ ጠላት የለኝም። አምና በዚህ አፌ የሠራሁትን ሳስበው፣ ብቻዬን ተቀምጬ እንኳ ፊቴ ይግላል።

የምሠራው የልጆች ማገገሚያ ውስጥ ነው። እጅና እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው ልጆች ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ድንክ ፈረስ ይቦርሻሉ፣ ጋማዋን ያበጥራሉ፣ ገመዷን ይዘው ይዞራሉ። ቁመቷ ከወገቤ አያልፍም። ጎኗ ግን፣ ኧረ ተዉኝ! በበረቱ በር ስትወጣ ግራና ቀኙን ጠርጋ ነው። ድንቡሼ ያልናት ራሳችን ነን። እየሳቅን ስናቆላምጣት ውፍረቱ በሽታ ነው ብሎ ማን አሰበ?

አንድ ቀን መሬት መርገጥ ጠላች። ፍም ላይ እንደቆመ ሰው የፊት እግሮቿን እያፈራረቀች ታነሳለች። የእንስሳት ሐኪሟ መጥታ ሰኮናዋን ዳበሰችው፤ ይፋጃል።

"እትዬ፣ ይቺን ፈረስ የያዛት የምቾት በሽታ ነው" አለችኝ። "ስኳር ሲበዛባት ሰኮናዋ ከውስጥ ይቃጠላል። በሦስት ወር ውስጥ ካልከሳች ሰኮናው ውስጥ ያለው አጥንት ይዞርና መቆም ያቅታታል። ያኔ ከማስተኛት ሌላ መላ የለኝም።"

ማስተኛት ማለት መግደል ነው። ሐኪሞች ቃል ያሳምራሉ።

ደንቡን ጻፈችልኝ። አጃ የለም፣ ፉርሽካ የለም፣ ካሮት የለም፣ እርጥብ ሣር በዐይኗም እንዳታይ። የተመዘነ ድርቆሽ ብቻ፤ እሱም ስኳሩ እንዲወጣለት አንድ ሰዓት ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይሰጣታል። በየሳምንቱ ደረቷን በሜትር ለክቼ እጽፋለሁ።

እኔ ደግሞ አንዴ ከያዝኩ ያዝኩ ነው። ወረቀቱን በረቱ በር ላይ ለጠፍኩና ከሥሩ "አንድ ፍሬ የሰጠ ወዮለት!" ብዬ ጨመርኩበት። ሠራተኛው ሁሉ ጄኔራሏ ይለኝ ጀመር። ይበሉኝ! ድርቆሹን በሚዛን እየለካሁ፣ ባልዲ ውስጥ እየዘፈዘፍኩ፣ እያንጠፈጠፍኩ አቀርባለሁ። እሷም አታስቸግረኝም፤ በተለይ ውሃዋን ጥርግ አድርጋ ነው የምትጠጣው። ውሃ መጠጣት ደግሞ ጤና ነው ብዬ ደስ ይለኛል።

ወሩ አለቀ፣ ሜትሩ ንቅንቅ አላለም። በስድስተኛው ሳምንት ጭራሽ ሁለት ጣት ጨመረ። ወይ ጉድ! ይቺ ፈረስ አየር ነው የምትበላው? አይ፣ ግቢው ውስጥ ሌባ አለ አልኩ።

ሌባውን ለማግኘት ሩቅ አልሄድኩም። ዘበኛችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ዱሮ ለድንቡሼ ከኪሳቸው ካሮት ጠፍቶ አያውቅም። ከደንቡ በኋላም ባየቻቸው ቁጥር እያነከሰች ሄዳ አፍንጫዋን ኪሳቸው ውስጥ ትከታለች።

"ጋሼ፣ እየሰጧት ነው?" አልኳቸው።

"ኧረ በልጆቼ! ከዚያን ቀን ወዲህ እጄ ባዶ ነው።"

"ታዲያ ኪስዎን ለምን ታሸታለች?"

"ልማድ ነዋ፣ ልጄ።"

አንድ ቀን ደግሞ ድርቆሹን ሳነሳ መጥተው ባልዲው ላይ ጎንበስ አሉ። "ይሄን ውሃ ዝንብ እንዴት ወደደው እባክሽ?"

"ጋሼ፣ እርስዎ በርዎን ይጠብቁ። ባልዲው የእኔ ሥራ ነው" አልኳቸው።

ከዚያ ያ ሰኞ መጣ። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው እየገቡ ነው። ድንቡሼ እያነከሰች ወደ በሩ ሄደችና አፍንጫዋን እንደለመደችው የጋሼ ኪስ ውስጥ ከተተች። ደሜ ፈላ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጄን ሰድጄ የሽማግሌውን ኪስ ገለበጥኩት። በወረቀት የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ ወደቀ።

"ምሳዬ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

"የማን ምሳ? የእሷ ምሳ! በዚህ ዕድሜዎ አያፍሩም? ይቺን ፈረስ የሚገድላት ሌላ ማንም አይደለም፣ እርስዎ ነዎት!"

አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ጋሼ ዳቧቸውን አላነሱም፤ ኪሳቸውንም አልመለሱትም። ጨርቁ ወደ ውጭ እንደተንጠለጠለ የበሩን ቁልፍ ለሥራ አስኪያጁ ሰጡ። ሥራ አስኪያጁ ቢለምናቸው፣ "ሌባ በር አይጠብቅም" ብለው ወጡ።

እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ማታውን እፎይ ብዬ ተኛሁ።

ጋሼ በወጡ በሁለተኛው ሳምንት ለካሁ። ጨምራለች። ሜትሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሌላ ተዋስኩ። እሱም ያንኑ አለኝ። ድንቡሼ አሁን አብዛኛውን ቀን ተኝታ ነው የምትውለው፤ ልጆቹ መጥተው አጠገቧ ቁጭ ይላሉ።

ሐኪሟ መጣች። "እትዬ፣ ከጠዋት ጀምረው የሚያደርጉትን አንድ ሳያስቀሩ ያሳዩኝ።"

ይሄማ ለእኔ ነው! መዘንኩላት። ዘፈዘፍኩላት። ሰዓቱ ሲሞላ ድርቆሹን በመረብ አውጥቼ አንጠፈጠፍኩ። ከዚያ ባልዲውን አነሳሁና እንደ ሁልጊዜው ገንዳዋ ውስጥ ገለበጥኩት።

"ቆይ፣ ቆይ! ውሃውን ምን አደረጉት?"

"ምን በወጣኝ ልድፋው? ትጠጣዋለች እንጂ! እንዴት እንደምትወደው ባየሽ።"

እኔ ውሃ በጀርባዬ ተሸክሜ ያደግኩ ሰው ነኝ። እናታችን ዕቃ ያጠብንበትን ውሃ እንኳ ለጓሮ አትክልት እንጂ እንዲሁ አታስደፋንም ነበር። ሙሉ ባልዲ ውሃ መሬት ላይ ሲፈስ ማየት ያመኛል።

ሐኪሟ ጣቷን ገንዳው ውስጥ ነከረችና ላሰችው፤ ከዚያ "ይቅመሱት" አለችኝ።

ቀመስኩት። ይጣፍጣል።

"ከድርቆሹ የወጣው ስኳር የት የሄደ መሰልዎት?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ያ የዝንብ ነገር ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። ሽማግሌው አይተውት ነበር፤ ነግረውኝም ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ሐኪሟ አዝናልኝ "ውሃውን ይድፉት ብዬ አለመጻፌ የእኔም ጥፋት ነው" አለች። እሷ ግን የማንንም ኪስ አልገለበጠችም።

በማግስቱ ጋሼ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ምነው፣ የቀረ ኪስ አለ?" አሉኝ። ጋሼ ከኋላቸው ብቅ አሉና፣ እኔ አፌን ሳልከፍት "እግሯ እንዴት ሆነላት?" ብለው ጠየቁኝ።

እዚያው ደጃፍ ላይ አለቀስኩ። እያለቀስኩም የባልዲውን ነገር ተናገርኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እሳቸው ግን "በቃ፣ በቃ፣ ይቅር ብያለሁ" አሉ። እንዲህ ቶሎ ይቅር ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወላጆቹ ሁሉ ሲገቡ፣ እዚያው በር ላይ ጋሼን አጠገቤ አቁሜ "ፈረሷን ስኳር ሳጠጣት የከረምኩት እኔ ነኝ፤ እኚህ ሰው አንድም ነገር አልሰጧትም" አልኩ። ያቺ እናት መሬት መሬት ታያለች።

ከዚያ ወዲህ ውሃውን እደፋዋለሁ። ያመኛል፣ ግን እደፋዋለሁ። ሜትሩ በየሳምንቱ ይቀንሳል፤ የድንቡሼ ሰኮና በርዷል፤ ልጆቹን ይዛ መዞር ጀምራለች። ጋሼም ወደ በራቸው ተመልሰዋል።

በየጠዋቱ ሊጠይቋት ይመጣሉ። ታዲያ ወደ በረቱ ከመግባታቸው በፊት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ወረቀቴ አጠገብ ቆም ይሉና ሁለቱንም ኪሳቸውን ገልብጠው ያሳዩኛል።

"ጋሼ፣ በእናትዎ ይተዉት" እላቸዋለሁ።

"ልማድ ነዋ፣ ልጄ" ይሉኛል።

ድንቡሼ መጥታ የተንጠለጠለውን ጨርቅ ታሸተዋለች። እኔ ባልዲዬን አንስቼ ፊቴን አዞራለሁ።