ያልተነካው ግማሽ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ከበር ጠባቂው እስከ ኃላፊው ሁሉም «ጭቃ ሹም» ነው የሚላት፤ እሷም አቤት ትላለች። ሹመቷ ደግሞ የይስሙላ አይደለም። ምድር ቤት ያለው ቀዝቃዛ ክፍል ግዛቷ ነው፤ ከሐይቅ ወለል በቧንቧ የወጡ የጭቃ ዘንጎች በላስቲክ ተጠቅልለው መደርደሪያ ላይ የተኙበት። ጭቃ ነው ብሎ የሚንቅ ካለ ተሳስቷል። ሐይቅ በየዓመቱ አንዲት ስስ ንጣፍ ወደ ሆዱ ይጥላል፤ ዝናብ የጠገበውን ዓመት፣ ድርቅ የመታውን፣ ሰደድ እሳት ያለፈበትን ሁሉ ንጣፍ በንጣፍ ይዞ ያቆያል። ጭቃ ሹም ዕድሜዋን የጨረሰችው ይህን በማንበብ ነው።

የግዛቷ ሕግ አንድ ነው። ዘንጉ ሲመጣ በቀጭን ሽቦ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይሰነጠቃል። አንዱ ግማሽ ለሥራ ነው፤ ይቆረሳል፣ ይፈጫል፣ ሲቆይ ያልቃል። ሌላውን ግማሽ ግን እጅ አይነካውም። ነገ የተሻለ መሣሪያና የተሻለ ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ሰው ይቀመጣል። ስንቱን ተመራማሪ በዚህ ሕግ ከደጅ መልሳለች። በተለይ ከአንድ ዘንግ ላይ ለመቁረስ የመጣውን፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ አንዴ ማቀዝቀዣው ተበላሸ፣ አንዴ ቁልፉ ጠፋ እያለች ነበር የምትሸኘው።

ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት ያንኑ ዘንግ ፈልጋ አንዲት ወጣት መጣች። የአካባቢ ጤና ተመራማሪ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ወንበር ሲሰጧት የማትቀመጥ።

«እትዬ፣ ከሐይቁ ማዶ አሮጌ የመኪና ባትሪ የሚያቀልጠውን ፋብሪካ ያውቁታል አይደል?»

«ማን የማያውቀው አለ? ጭሱ እንኳን እዛ፣ እዚህም አላስቀመጠን።»

«የሰፈሩን ልጆች ደም መረመርን። እርሳስ ነው እትዬ፣ ደማቸው ውስጥ ያለው እርሳስ ነው። አራት ዓመት የሞላው ልጅ ሁለት ቃል ማገናኘት አቅቶታል። ፋብሪካውን ስንጠይቀው ‹መሬቱ ድሮም እርሳስ አለበት፣ እኛን ምን አድርጉ ነው የምትሉት› ይላል። ‹እኛ ከመምጣታችን በፊት ንጹህ እንደነበር አሳዩን› ነው የሚሉት።»

«ታዲያ ከሐይቁ አዲስ አታወጪም?»

«የቱ ሐይቅ? ውሃው ለመስኖ ተስቦ አለቀ፣ ወለሉም ታረሰ። የላዩ ከታች፣ የታቹ ከላይ ሆኗል። ለሥራ የተለየው ግማሽ ደግሞ እኔ የምፈልገው ቦታ ላይ አልቋል። የቀረው እርስዎ ጋ ያለው ነው፤ ከጫፉ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ፋብሪካው ሊተከል ሲል የተጣለው ንጣፍ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?»

ጭቃ ሹም የለመደችው መልስ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ለመጪው ትውልድ የተቀመጠ ነው፣ ልትል። ደግሞ አሰበችው። ሁለት ቃል ማገናኘት ካቃተው ልጅ ወዲያ መጪው ትውልድ ማን ሆኖ ነው?

«እስቲ ነገ ነይ» አለቻት።

ልጅቱ ስትወጣ ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ ዘንጉን አወረደችና ላስቲኩን ገለጠች። ከጫፉ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ የአውራ ጣት ምልክት አለ። የባሏ ነው።

ያኔ ሐይቁ ሐይቅ ነበር። በርሜል ላይ ጣውላ አስረው፣ እዚያ ላይ የቁፋሮውን ማሽን ተክለው፣ ፀሐይ አናታቸውን እየበሳው ይውሉ ነበር። እሱ ማሽኑን የሚያሽከረክር ቆፋሪ ነው፤ እሷ ከትምህርት ቤት በቅጡ ያልወጣች። ጭቃው ሲወጣ ቁንጥር አድርጋ በፊት ጥርሷ ትነክሰዋለች፤ ካንኮሻኮሸ አሸዋ አለበት፣ እንደ ቅቤ ከለሰለሰ ሸክላ ነው። የሙያው ወግ ነው፤ ለእሱ ግን ከዚያ የበለጠ ሳቅ አልነበረም።

«ጭቃ የምትበላ ሴት ማን ያገባታል?» ይላታል።

«ማን አግባኝ አለህ?»

የመጀመሪያው ዘንግ ለሁለት የተሰነጠቀ ዕለት አጠገቧ ቆሞ አየ። «ይሄኛው ግማሽ አይነካም ነው የምትዪው?»

«አይነካም።»

«አይጣልምም?»

«ዕድሜ ልክ አይጣልም።»

«እንግዲያው እዚህ ላይ ነው የምፈርመው» አለና፣ መጻፍ እንደማይችል ሰው፣ አውራ ጣቱን ጭቃው ላይ አሳረፈ። «አንቺን ላገባ ቃል ገብቻለሁ።»

የጮኸችው ጩኸት ማዶ ተሰምቷል። ናሙና አበላሸህ፣ ጉድ ሠራኸኝ፣ ከዓይኔ ጥፋ ነበር ያለችው። እስኪመሽ አኮረፈችው። ሲመሽ ግን ብቻዋን ሆና ያንን ምልክት አየችው፣ ሳቋ አመለጣት፣ ነገሩም በዚያው አለቀ። ከዚያ በኋላ ሲጣሉ እንኳ «ውሌ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፣ ሂጂና አንብቢው» ይላት ነበር። አሁን እሱ የለም። ፎቶግራፉ ቤቷን ሞልቶታል፤ ፎቶግራፍ ግን መልኩን ብቻ ነው የያዘው። እዚህ ላይ ጣቱ ራሱ አርፏል። ናፈቃት፣ ልክ እንደ ልጅነቷ ነው የናፈቃት።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። ናሙና ከመቆረሱ በፊት ላይኛው ገጽ ይፋቃል፤ እጅና አየር ነክቶታልና ቆሻሻ ነው። ሌላ ሰው አይደለም ያስተማረው፣ እሷው ናት። ስለዚህ የባሏ ጣት ለምርመራው እንኳ አይጠቅምም። ተፍቆ የሚጣለው እሱ ነው።

በማግስቱ ልጅቱ የላስቲክ ቢላዋና ብልቃጦቿን ይዛ መጣች፤ ብረት ናሙናውን ያበላሻል። ጭቃ ሹም ቢላዋውን ከእጇ ወሰደች።

«በኔ ግዛት የምቆርሰው እኔ ነኝ። አንቺ ብልቃጥሽ ላይ ምልክት አድርጊ።»

ልጅቱ ጀርባዋን ሰጥታ ስትጽፍ ጭቃ ሹም ፋቀች። አንዴ ሳበችው፣ ምልክቱ ጠፋ። ይህን ያህል ቀላል ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር። ፍቅፋቂውን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተችው።

ልጅቱ ዞር ብላ አጎነበሰች። «እትዬ፣ እዚህ ጋ ንጣፎቹ ጎብጠዋል። ታች ድረስ እኮ ነው። የሆነ ነገር ተጭኗቸዋል።»

እውነቷን ነው። መስመሮቹ ሰው ተኝቶበት እንደተነሳ ፍራሽ ጎድጉደዋል። ጭቃ ሹም ዓይኗን ማመን አቃታት። ቀልዱን ነው፣ ላዩን ነካ አድርጎ ነው ስትል ነበር የኖረችው። ሰውዬው ግን ከልቡ ነበር የተጫነው።

«እስኪቃና ልፋቀው» አለች።

ፋቀች። ጎባጣው ቀጠለ፤ ደግማ ፋቀች። ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች። በመጨረሻ መስመሮቹ ቀጥ አሉ፤ ቆረሰችና በየብልቃጡ ከተተችው።

«እያለቀሱ ነው እንዴ?»

«ብርዱ ነው።»

ልጅቱ ብልቃጦቹን ከደነች። «ምን እንደተጫነው መጻፍ አለብኝ። ድንጋይ ልበል?»

«ድንጋይ አይደለም። ባሌ ነው፤ አውራ ጣቱን አሳርፎበት ነበር። ያገባኝ በዚያ ነው።»

ልጅቱ መጀመሪያ ወደ መጣያው፣ ቀጥሎ ወደ እሷ አየች። «በሞትኩት! ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ‹ይተዉት› ትዪኝ ነበር» አለች ጭቃ ሹም። «እኔ ደግሞ እሺ እል ነበር።»